የባለዕዳው ደራሲ ምክር

ምክር የሚፈለገው ብዙውን ጊዜ ከተሳካለት ሰው ነው። ሀብታም ስለ ቁጠባ፣ ባለ ማዕረግ ስለ ትጋት፣ ሽማግሌ ስለ ትዕግሥት ሲናገር ጆሮ የሚነፍገው የለም። የወደቀውን ሰው ግን ማንም ምክር አይጠይቀውም፤ ቢጠየቅም እርሱ ራሱ ያፍራል። ይሁን እንጂ ብልህ ከሰው ስሕተት ይማራል የሚለው ብሂል እውነት ከሆነ፣ አብዝቶ የተሳሳተ ሰው አብዝቶ የሚያስተምር ሰው መሆን አለበት። በዚህ ሚዛን ሲታይ ከአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ደራስያን መካከል ከሩሲያዊው ከፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ የሚልቅ መምህር ማግኘት ያዳግታል።

የዚህ ደራሲ ስም በተነሣ ቍጥር አብሮ የሚነሣ አንድ አጉል እምነት አለ። ይኸውም ሥቃይ ደራሲን ይወልዳል፤ ረሃብ፣ እስራት፣ በሽታና ዕዳ ባይፈራረቁበት ኖሮ «ወንጀልና ቅጣት»ን የመሰለ ሥራ አይጻፍም ነበር የሚለው ነው። እምነቱ በተለይ ለወጣት ጸሐፍት አደገኛ ነው። መጠጥንና ዕዳን እንደ ሙያ መሣሪያ ቈጥሮ አጥብቆ የሚይዝ፣ ብዕሩን ግን የሚረሳ ሰው የሚፈጠረው ከዚህ የተነሣ ነው። ስለሆነም የዶስቶየቭስኪን ውድቀቶች አንድ በአንድ አንሥቶ ከያንዳንዳቸው የሚገኘውን ምክር መመርመር፣ በመጨረሻም ሥራውን በእርግጥ ምንና ማን እንደ ደገፈው መጠየቅ ተገቢ ይሆናል። ከምክሮቹ አንዳንዶቹ ያስቃሉ፤ ሳቁ ግን ከጥርስ የሚያልፍ አይደለም። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር፣ በሩሲያ የተፈጸሙት ድርጊቶች ቀኖች ደግሞ አገሪቱ በዚያን ጊዜ ትከተለው በነበረው አሮጌ ቀመር የተሰጡ ናቸው።)

አንደኛው ምክር፦ ሌሊት አንኳኩተው «ሊቅ ነህ» ቢሉህ፣ በሩን ቀስ ብለህ ክፈት

ዶስቶየቭስኪ በ1821 በሞስኮ፣ አባቱ በሐኪምነት ያገለግልበት በነበረው የድሆች ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ተወለደ። በፒተርስቡርግ የጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ተምሮ በ1843 ካጠናቀቀ በኋላ ጥቂት ጊዜ በመንግሥት ሥራ ቢቈይም፣ በ1844 ደመወዙን ትቶ በብዕሩ ለመኖር ወጣ። በዓመቱ «ምስኪኖች» የተባለውን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ፈጸመ። ገጣሚው ኔክራሶቭና ጓደኛው ግሪጎሮቪች የእጅ ጽሑፉን ይዘው ተቀመጡ፤ ሳያቋርጡ አንብበው እንደ ጨረሱም ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ደራሲውን ከቤቱ ቀስቅሰው አቀፉት። የዘመኑ ታላቅ ሐያሲ ቤሊንስኪም የተናቀውን የድሃ ጸሐፊ ኑሮ ያለ ሽፋን ያሳየ አዲስ ብዕር መወለዱን መሰከረ።

የሃያ ሦስት ዓመቱ ወጣት ይህን ሁሉ አመነ። ሰው ፊት ሲቀርብ አንገቱን ቀና አደረገ፤ ስለ ራሱ አብዝቶ ተናገረ። «መንታው» የተባለው ሁለተኛ ሥራው በ1846 ሲወጣ ግን ቤሊንስኪ ቀዘቀዘ፤ ቱርጌኔቭና ኔክራሶቭም በትዕቢቱ ላይ የሚሳለቅ ግጥም አብረው ጻፉበት። ሌሊት የቀሰቀሰው ሰው ቀን ሣቀበት ማለት ነው። ምክሩ ግልጽ ነው፤ ውዳሴም እንደ ብድር ነው፣ የሰጡ ሰዎች አንድ ቀን ከነወለዱ ይጠይቁታል። ዶስቶየቭስኪ ራሱ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሲጽፍ የ«መንታው» ሐሳብ ከባድ ቢሆንም ቅርጹ እንዳልተሳካለት አምኗል። ይህን ለመቀበል ሠላሳ ዓመት ፈጅቶበታል።

ሁለተኛው ምክር፦ ከሞት አፋፍ መመለስ ጠባይ ያርማል ብለህ አትጠብቅ

በዚያን ጊዜ ሩሲያ በዛር ኒኮላይ ቀዳማዊ ፍጹም አገዛዝ ሥር ነበረች፤ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ገባሮችም ከመሬት ጋር እንደ ዕቃ ይሸጡና ይለወጡ ነበር። ዶስቶየቭስኪ ዓርብ ዓርብ በፔትራሼቭስኪ ቤት ተሰብስበው ስለ ማኅበራዊ ለውጥ ከሚወያዩ ወጣቶች ጋር ተቀላቀለ። ከቀረቡበት ክሶች ዋነኛው ቤሊንስኪ ለጎጎል የጻፈውንና የገባሩን ሥርዓትና ቤተ ክህነትን የሚያወግዘውን ደብዳቤ በስብሰባ ላይ አንብቧል የሚል ነበር። የሰው ደብዳቤ ጮክ ብሎ ማንበብ በሞት የሚያስቀጣበት አገር ምን ያህል ራሱን እንደሚፈራ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

በሚያዝያ 1849 ተይዞ ስምንት ወር በምሽግ ታሰረ። ታኅሣሥ 22 ቀን እርሱና ጓዶቹ ወደ ሴሚዮኖቭስኪ አደባባይ ተወስደው የሞት ፍርዳቸው ተነበበላቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ከምሰሶ ጋር ታሰሩ። ዶስቶየቭስኪ በሁለተኛው ረድፍ ከሚገደሉት አንዱ ነበር። ጠመንጃ ከተደገነ በኋላ ከበሮ ተመታ፤ ዛሩ ፍርዱን አስቀድሞ ወደ ግዞት ለውጦት እንደ ነበር ተገለጠ። ሁሉ ነገር በትእዛዝ የተዘጋጀ ተውኔት ነበር። ከታሰሩት ሦስቱ አንዱ የነበረው ግሪጎሪየቭ ግን ከዚህ ተውኔት በኋላ ወደ አእምሮው አልተመለሰም።

ዶስቶየቭስኪ በዚያው ዕለት ለወንድሙ ለሚኻይል ጻፈ። ሕይወት ስጦታ መሆኗን፣ በከንቱ ያጠፋውን ጊዜ ሲያስብ ልቡ እንደሚደማ፣ ከእንግዲህ አዲስ ሰው እንደሚሆን ገለጠ። ቃሉ ከልብ የመነጨ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ሆኖም ይኸው ሰው ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ እነዚያን የከበሩ ደቂቃዎች አንዲት ትንሽ ኳስ ስትሽከረከር እያየ ያሳልፋቸው ነበር። የሞት ፍርሃት ትልቅ መምህር ነው ይባላል፤ ተማሪው ግን ደካማ ነው።

አራቱን የኦምስክ ግዞት ዓመታት እግሩ በሰንሰለት ታስሮ አሳለፈ፤ ከዚያም በተራ ወታደርነት ወደ ሴሚፓላቲንስክ ተላከ፤ ወደ ፒተርስቡርግ የተመለሰው በ1859 መጨረሻ ነው። ከዚህ ኑሮ «የሙታን ቤት ማስታወሻ» የተባለው መጽሐፍ ተገኘ። መጽሐፉን የወለደው ግን ሰንሰለቱ አልነበረም። በዚያ እስር ቤት ብዙ ሰዎች ያንኑ ሰንሰለት ተሸክመው ነበር። ዶስቶየቭስኪ የእስረኞችን አነጋገር፣ ተረትና ስድብ በድብቅ በደብተር ይመዘግብ ነበር። ልዩነቱ ደብተሩ ነው።

ሦስተኛው ምክር፦ መጽሔት አታቋቁም

ይህን ምክር በመጽሔት ላይ ማስፈር ድፍረት እንደሚጠይቅ ይታወቃል። ይሁንና ታሪኩ አይካድም። ዶስቶየቭስኪና ወንድሙ ሚኻይል በ1861 «ጊዜ» የተባለ መጽሔት መሠረቱ፤ አንባቢም አገኘ። በ1863 ባልደረባቸው ስትራኾቭ ስለ ፖላንድ አመፅ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጸሐፊው ለሩሲያ የወገነ መስሎት ነበር፤ ነገር ግን ነገሩን እጅግ ከማራቀቁ የተነሣ መንግሥት ለፖላንድ የወገነ ሆኖ አገኘውና መጽሔቱን ዘጋው። ከዚህ ንዑስ ምክር ይገኛል፤ ሳንሱር ያለበት አገር የሚኖር ጸሐፊ መንግሥትን ሊያመሰግን ካሰበ እንኳ በቀላል ቋንቋ ያመስግን።

ወንድማማቾቹ በ1864 «ዘመን» የሚባል ሌላ መጽሔት ጀመሩ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ የዶስቶየቭስኪ ሚስት ማሪያ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች፤ በሐምሌ ሚኻይል ተከተላት። ሟቹ የተወው 300 ሩብል ብቻ ሲሆን እርሱም ለቀብሩ ዋለ፤ ዕዳው ግን ወደ 25 ሺህ ሩብል ይጠጋ ነበር። ዶስቶየቭስኪ የወንድሙን ሚስትና ልጆች፣ የእንጀራ ልጁንና መጽሔቱን በአንድነት ተሸከመ። ከሀብታም አክስቱ ያገኘውን 10 ሺህ ሩብልም እዚያው መጽሔት ውስጥ አፈሰሰው። «ዘመን» በ1865 ተዘጋ። የሟችን ዕዳ መክፈል ክቡር ነገር ነው፤ የሟችን መጽሔት ለማስነሣት መበደር ግን ሌላ ነገር ነው። አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

አራተኛው ምክር፦ የቁማርን ምስጢር ካወቅህ፣ ሮጠህ አምልጥ

በ1863 የበጋ ወራት፣ ሚስቱ ገና በሕይወት ሳለች፣ ዶስቶየቭስኪ ወደ ፓሪስ ሲጓዝ በጀርመኗ የቪስባደን ከተማ ከሩሌት ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ከ10 ሺህ ፍራንክ በላይ አሸነፈ። ከዚያም ለሚስቱ እኅት በጻፈው ደብዳቤ የማሸነፍን ምስጢር ማወቁን፣ ምስጢሩም እጅግ ቀላል መሆኑን አስረዳ፤ ማናቸውም ነገር ቢደርስ ራስን መግዛትና አለመሞቅ ብቻ ነው አለ። ከገንዘቡም ከፊሉን ለታማሚዋ ሚስቱ እንዲውል ላከ። ብዙም ሳይቈይ በባደን ባደን የቀረውን ሁሉ ተበላ፤ ከላከው ገንዘብም እንዲመለስለት ለመነ።

ምስጢሩ ትክክል ነበር፤ ቸግሩ ራሱን መግዛት የሚችል ሰው መጀመሪያውኑ ወደ ጠረጴዛው አለመሄዱ ነው። የቁማር ቤት ደግሞ የግለሰብ ድክመት ብቻ ሳይሆን በሚገባ የተደራጀ ንግድ ነው። ጥቂት ማሸነፍ የብዙ መሸነፍ ማባበያ ሆኖ ይቀርባል፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው።

አምስተኛው ምክር፦ ሳታነብ አትፈርም፤ አንብበህም ቢሆን አስብበት

በ1865 አበዳሪዎች በእስር ሲያስፈራሩት ስቴሎቭስኪ የተባለ አሳታሚ የ3 ሺህ ሩብል ውል ይዞ መጣ። በውሉ መሠረት አሳታሚው የደራሲውን ሥራዎች ሰብስቦ የማሳተም መብት ያገኛል፤ ደራሲው ደግሞ እስከ ኅዳር 1 ቀን 1866 አዲስ ልብ ወለድ ማስረከብ አለበት። ካላስረከበ ስቴሎቭስኪ ለዘጠኝ ዓመት የሚጽፈውን ሁሉ ያለ አንዳች ክፍያ ማሳተም ይችላል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ዶስቶየቭስኪም ፈረመ። በኋላ ያገባት ሚስቱ በትዝታዋ እንደ ጻፈችው፣ አሳታሚው የደራሲውን የዕዳ ሰነዶች አስቀድሞ በእጅ አዙር በርካሽ ገዝቷቸው ስለ ነበር፣ በአንድ እጁ የሰጠው ገንዘብ አብዛኛው በሌላው እጁ ተመልሶ ገባለት። ለደራሲው የቀረው 175 ሩብል ብቻ ሆነ።

በዚህ ገንዘብ ምን አደረገ? ወደ ቪስባደን ሄደ። በአምስት ቀን ውስጥ የእጅ ሰዓቱ ሳይቀር ተበላ። ያን ጊዜ ለቱርጌኔቭ ጽፎ 100 ታለር ለመነ፤ የእኛ ጠገራ ብር የሩቅ ዘመድ ከሆነው ከጀርመን ታለር 50 ተላከለት። የሆቴሉ ባለቤት ዕዳውን ላልከፈለ ሰው ምሳ አይገባውም ብሎ ሻይ ብቻ እንዲሰጠው አዘዘ፤ ሻማም ተከለከለ። ዶስቶየቭስኪ ለአንዲት ወዳጁ እንደ ጻፈው፣ ምሳ እንደማይበላ እንዳይታወቅበት በየቀኑ በምሳ ሰዓት ወጥቶ እየተንከራተተ ከሦስት ሰዓት በኋላ ይመለስ ነበር። «ከነገሩ ጦም እደሩ» ይባላል፤ እርሱ ግን ከነገሩም ገብቶ ጦሙን አደረ።

በዚያ ሻማ በሌለው ክፍል ውስጥ የአንድ ድሃ ተማሪና የአንዲት አራጣ አበዳሪ ታሪክ በሐሳቡ ተፀነሰ። ሥቃይን የሚያመልኩ ሰዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ቀጥሎ የሆነውን ግን ማየት ያስፈልጋል። በኅዳር 1865 የጻፈውን ብዙ ገጽ አቃጥሎ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ «ወንጀልና ቅጣት» በ1866 በመጽሔት እየተከታተለ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ረሃብ ሐሳብ ሊሰጥ ይችላል፤ የማይረባ ገጽ የማቃጠልን ድፍረት ግን አይሰጥም። ያ የሙያ ጉዳይ ነው።

ስድስተኛው ምክር፦ ደረሰኝ ተቀበል

መስከረም 1866 አልቆ ለስቴሎቭስኪ ልብ ወለድ አንዲት ገጽ እንኳ አልተጻፈም ነበር። ወዳጆቹ ክፍሎቹን ተከፋፍለው ሊጽፉለት ሐሳብ አቀረቡ፤ እርሱ ግን በሌላ ሰው ሥራ ላይ ስሜን አላኖርም ብሎ እምቢ አለ። በጭንቅ ውስጥም ሆኖ ያልሸጠው ነገር እንደ ነበረው መመዝገብ አለበት። በዚህ ጊዜ የአጭር ጽሕፈት ባለሙያ ቢቀጠር እንደሚሻል ተመከረ፤ ጥቅምት 4 ቀን አና ግሪጎርየቭና ስኒትኪና የተባለች የሃያ ዓመት ወጣት እርሳሷን ይዛ መጣች።

ቀን ቀን እርሱ በቃል ይነግራታል፣ እርሷ በምልክት ትቀዳለች፤ ሌሊት እቤቷ በግልጽ ጽሕፈት ትገለብጣለች። በሃያ ስድስት ቀን ልብ ወለዱ አለቀ። ርእሱ «ቁማርተኛው» ነበር። ዶስቶየቭስኪ መጽሐፉን በቀጠሮው ቀን ሊያስረክብ ሲሄድ ስቴሎቭስኪ ከከተማ ወጥቶ ጠበቀው፤ የጽሕፈት ቤቱም ኃላፊ አልቀበልም አለ። ቀኑ ሊያልቅ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው ደራሲው የእጅ ጽሑፉን በፖሊስ ጣቢያ አስመዝግቦ ደረሰኝ ተቀበለ። በግዛተ ዛር ፖሊስ ለዶስቶየቭስኪ ከዋላቸው ውለታዎች ትልቁ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አና በዚህ ብቻ አላበቃችም። በየካቲት 1867 ተጋቡ፤ አበዳሪ ሽሽት ወደ ውጭ የሄዱትም እርሷ የጥሎሽ ዕቃዋን አስይዛ ባገኘችው ገንዘብ ነበር። ለሦስት ወር የታሰበው ጉዞ ከአራት ዓመት በላይ ፈጀ። በባደን ባደን የጆሮ ጌጧ፣ የደረት ጌጧ፣ የጋብቻ ቀለበታቸው፣ ልብሷ ሳይቀር ተራ በተራ ወደ መያዣ ቤት ሄዱ። ባልየው በጉልበቱ ተንበርክኮ ይቅርታ ይለምናል፤ በማግሥቱ ተመልሶ ይሄዳል። በ1868 በጄኔቫ የተወለደችው የመጀመሪያ ልጃቸው ሶንያ ሦስት ወር ሳይሞላት ሞተች። እዚህ ላይ የሚስቅ ሰው አይኖርም።

በሚያዝያ 1871 አና የመጨረሻውን ገንዘብ ሰጥታው ወደ ቪስባደን ሄደ፤ ተበላ። በዚያች ሌሊት ንስሐ ሊገባ የሩሲያ ቄስ ፍለጋ በጨለማ እየሮጠ ቤተ ክርስቲያን ያገኘ መስሎት የደረሰው ከአይሁድ ምኩራብ ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ እንደ ተደፋበት ሆኖ ወደ ማረፊያው ተመለሰና አበቃ ብሎ ለሚስቱ ጻፈ። ብዙ ጊዜ አበቃ ብሎ ነበር፤ የዚህ ጊዜው ግን እውነት ሆነ። የጀርመን የቁማር ቤቶች በ1872 መጨረሻ በሕግ መዘጋታቸውም አልጎዳውም። የሰው ጠባይ በፈቃድ ብቻ ሳይሆን በሁኔታዎችም መለወጥ እንደሚታገዝ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሰባተኛው ምክር፦ ማን እንደ ከፈለልህ ጻፍ

በ1871 ወደ አገራቸው ሲመለሱ አበዳሪዎች በር ላይ ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ባልሽን በዕዳ አሳስራለሁ ቢላት አና መለሰችለት፤ ቤቱ በእኔ ስም የተከራየ ነው፣ የቤት ዕቃውም ዋጋው ገና ተከፍሎ አላለቀም፤ ባሌን ብታሳስረው በሕጉ መሠረት ቀለቡን የምትከፍለው አንተ ነህ አለችው። ሰውየው አስቦበት በየጊዜው ተቈራርጦ ለሚከፈለው ተስማማ። ሩሌት በስምንት ዓመት ያላስገኘውን እረፍት አንዲት ሕግ ያነበበች ሴት በአንድ ንግግር አስገኘች።

በ1873 «አጋንንት» የተባለውን ልብ ወለድ ራሷ አሳተመችው። ስለ ወረቀት፣ ስለ ማተሚያና ስለ ጥራዝ ዋጋ ጠይቃ ተማረች፤ 3,500 ቅጂ አስወጣች፤ በመጀመሪያው ቀን ከመቶ በላይ ከቤቷ ተሸጠ። ከዚያ ወዲያ የአሳታሚ እጅ ከኪሳቸው ወጣ። ዕዳው ሁሉ ተከፍሎ ያለቀው ደራሲው ከመሞቱ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። በ1879 እና በ1880 የወጣው «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» የተጻፈው ረሃብ ባለበት ሆቴል ሳይሆን ሒሳቡ በተያዘ፣ ልጆች በሚጫወቱበት፣ ሻማ ባልተከለከለበት ቤት ነው። ሥቃይ ደራሲን ይወልዳል ለሚሉት ከዚህ የበለጠ መልስ የለም።

የዶስቶየቭስኪ ስሕተቶች በገንዘብ ብቻ የተወሰኑ አለመሆናቸውን መሸፈን አይገባም። በወጣትነቱ የገባሩን ሥርዓት የሚያወግዝ ደብዳቤ በማንበቡ በጥይት ፊት የቆመው ሰው በሽምግልናው የዛሩ ሥርዓት ደጋፊና የአድኃርያን ባለሥልጣኖች ወዳጅ ሆነ፤ በአይሁድ ላይ የጻፋቸው የጥላቻ ቃላትም እስከ ዛሬ ያሳፍራሉ። የቱርጌኔቭን 50 ታለር ሳይመልስ ሰውየውን በ«አጋንንት» ውስጥ መሳቂያ አድርጎ ስሎታል፤ ብድሩን የከፈለው ዐሥር ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። ሆኖም በሰኔ 1880 በሞስኮ፣ የዘር ሐረጉን ከአፍሪካ በመሳቡ በአገራችን እንደ ዘመድ ለሚታየው ለፑሽኪን ሐውልት ሲመረቅ ባሰማው ንግግር፣ ሁለቱ የቆዩ ባላንጣዎች ተቃቀፉ። በጥር 28 ቀን 1881 ሲሞት በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ሬሳውን አጀበ።

አና እስከ 1918 ኖረች፤ ሥራዎቹን እየሰበሰበች አሳተመች፣ የእጅ ጽሑፎቹን ጠበቀች፣ ትዝታዋን ጻፈች። የደራሲው ውድቀት ሊነገር የቻለው የጨረታውን፣ የመያዣውንና የደረሰኙን ወረቀት ሁሉ ያላጣች ሴት በመኖሯ ነው።

እንግዲህ ለኪነ ጥበብ ሰው፣ ለመምህርና ለባህል ሠራተኛ ከዚህ ሕይወት የሚተርፈው ትምህርት አጭር ነው። ችግር በራሱ ክብር የለውም፤ ክብሩ በችግር ውስጥም ደብተር መያዝ ነው። ጥሩ ሥራ የሚፈልግ ኅብረተሰብ ደራሲውን እስኪራብ ድረስ መጠበቅ የለበትም፤ ፍትሐዊ ውል፣ ብርሃን ያለው ክፍልና ሐቀኛ አሳታሚ ያዘጋጅለት። ደራሲውም በበኩሉ፣ የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ስሙን ሲያሰፍር፣ ሌሊት የገለበጠችለትን ሰው ስም አይርሳ።